በስዊዘርላንድ በረዷማ ተራሮች ከልጆች ጋር በባቡር መጓዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የቀረቡት መልሶች በዋናነት የሚያተኩሩት በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በግራውቡንደን ካንቶን ካለችው ከኩር ከተማ ተነሥቶ የአልቡላንና የበርኒናን ተራሮች አቋርጦ ጣሊያን ውስጥ እስካለችው ቲራኖ በሚዘልቀው የባቡር መሥመር ላይ ነው። ሌሎች የታወቁ የተራራ ባቡሮች የሚነሡት ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ ለንጽጽር በሚጠቅሙበት ቦታ ብቻ ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ የትኛው መሥመር ይሻላል?

ሳላመነታ የምመክረው ከኩር እስከ ቲራኖ ያለውን ነው። ከዙሪክ ኩር ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይበቃል። ከኩር ሴንት ሞሪትዝ ሁለት ሰዓት፣ ከሴንት ሞሪትዝ ቲራኖ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ጉዞውን እንደ ልጆቹ ዕድሜና ትዕግሥት በአንድ ቀን መጨረስም በሁለትና በሦስት ቀን መከፋፈልም ይቻላል። ከቱዚስ እስከ ቲራኖ ያለው ክፍል በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ ክፍል ላይ 55 ዋሻዎችና 196 ድልድዮች ስላሉ፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ውስጥ ሲወጣ እየቆጠረ ረጅም ጊዜ ሳይሰለች ይቆያል።

የዩንግፍራውዮህና የጎርነርግራት ባቡሮችም እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ጠባያቸው የተለየ ነው። እነዚያ ወደ ተራራው ጫፍ ወጥተው በዚያው የሚመለሱ ናቸው። የበርኒናው ግን ከአንድ አገር ተነሥቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ ሌላ አገርና ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ሸለቆ ውስጥ የሚያወርድ ነው።

በርኒና ኤክስፕረስ የሚባለውን ባለ ፓኖራማ መስኮት ባቡር እንያዝ ወይስ ተራውን?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ሳያውቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በርኒና ኤክስፕረስና በየሰዓቱ የሚነሣው ተራ የክልል ባቡር የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ ድልድይና በአንድ ዋሻ ውስጥ ነው። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው ሬቲሼ ባን የተባለው ድርጅት ነው። ልዩነቱ ባለ ፓኖራማው እስከ ጣሪያው የሚደርስ መስኮት ያለው፣ ከትኬቱ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ያለበት የመቀመጫ ምዝገባ የሚጠይቅና በጥቂት ጣቢያዎች ብቻ የሚቆም መሆኑ ነው። ተራው ባቡር ምዝገባ አይጠይቅም፣ መንገድ ላይ በብዙ ጣቢያዎች ይቆማል፣ ካመለጣችሁም የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል።

ለባልና ሚስት ብቻ ቢሆን ባለ ፓኖራማው የሚያስከፋ ምርጫ አይሆንም ነበር። ልጆች ሲኖሩ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። የተመዘገበ መቀመጫ ማለት ከአራት ሰዓት በላይ በአንድ ወንበር ላይ መዋል ማለት ነው፤ ሕፃኑ ቢያለቅስ፣ ትልቁ ልጅ በረዶውን በእጄ ካልነካሁ ቢል፣ ወርዳችሁ በሚቀጥለው ባቡር መቀጠል አትችሉም፤ መቀመጫችሁ የተመዘገበው ለዚያ ባቡር ብቻ ነውና። በተራው ባቡር ግን ልጁ በቃኝ ባለበት ጣቢያ ትወርዳላችሁ፣ አንድ ሰዓት በረዶ ላይ ይሮጣል፣ ጓንቱ እስኪርስ ይጫወታል፣ ከዚያም ጉንጩ ቀልቶ ወደሚሞቀው ባቡር ተመልሶ ሳይጠየቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን ባለ ፓኖራማውን ይዘን ሦስተኛው ሰዓት ላይ የስድስት ዓመት ልጃችን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ በተራው ባቡር ስንሄድ ይኸው ልጅ በመስታወቱ ላይ የሰፈረውን የትንፋሹን ጉም በእጀታው እየጠረገ ከመስኮቱ አልነቀል ብሎን ነበር፤ የተለወጠው ነገር ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ወርዶ መጫወቱ ብቻ ነው።

መቼ መሄድ ይሻላል?

በአማርኛ ክረምት ስንል ዝናቡን ስለምናስብ፣ እዚህ በግልጽ ለማስቀመጥ በረዶው በእርግጠኝነት የሚገኝባቸው ወራት ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ያሉት ናቸው። በርኒና ከፍታ ላይ በኤፕሪልም በረዶ አይጠፋም። በዲሴምበር ቀኑ አጭር ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይመሻል፤ በተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ደግሞ ፀሐይ ከዚያም ቀድማ ትሸሸዋለች። በፌብሩዋሪ የስዊዘርላንድና የጎረቤት አገሮች ትምህርት ቤቶች ለበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት ስለሚዘጉ ባቡሩም ሆነ ማረፊያው ይጨናነቃል። ምርጫ ካላችሁ የማርችን መጀመሪያ ምረጡ፤ በረዶው እንዳለ ነው፣ ቀኑ ግን ረዝሟል፣ ፀሐይዋም ትሞቃለች።

ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። በቀዝቃዛዎቹ ወራት የዙሪክ አካባቢ ዝቅተኛ ቦታ ለቀናት በግራጫ ጉም ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል፤ በመስኮት ተመልክታችሁ ጉዞውን ለመሰረዝ ታስቡ ይሆናል። በዚያው ሰዓት ግን ከጉሙ በላይ ያሉት ተራሮች ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ከመወሰናችሁ በፊት በተራራ ጣቢያዎቹ ላይ የተተከሉትን የቀጥታ ካሜራዎች በኢንተርኔት ተመልከቱ።

ትኬት እንዴት ነው? ልጆች ይከፍላሉ?

ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲሆኑ በነጻ ይሄዳሉ፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ 16 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ግማሽ ዋጋ ይከፍላሉ። ከስዊዘርላንድ ውጭ የሚኖር ቤተሰብ ስዊስ ትራቭል ፓስ የተባለውን የጉዞ ካርድ መግዛት ይችላል፤ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ቀን የሚሸጥ ሲሆን በአብዛኛው ባቡር፣ አውቶቡስና የሐይቅ ጀልባ ላይ ይሠራል፤ እስከ ቲራኖ ያለውንም መንገድ ይሸፍናል። ከካርዱ ጋር በነጻ የሚሰጠው የቤተሰብ ካርድ ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ቢያንስ ከአንድ ወላጅ ጋር ሲጓዙ ምንም እንዳይከፍሉ ያደርጋል። ይህ ለወላጅ እንጂ ለአክስትና ለአጎት እንደማይሠራ ልብ በሉ፤ የዘመድ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ለብቻው ትኬት ቁረጡለት። ካርዱ ባለ ፓኖራማዎቹ ባቡሮች ላይ የመቀመጫ ምዝገባውን ክፍያ አይሸፍንም። ወደ ዩንግፍራውዮህና ወደ ጎርነርግራት ለሚወጡት ባቡሮችም ቅናሽ ያስገኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ ነጻ አያደርጋቸውም።

አንድና ሁለት ቀን ብቻ የምትጓዙ ከሆነ ቀኑ ከመድረሱ ብዙ አስቀድሞ ሲገዛ የሚረክሰው የቀን ካርድ ሊያዋጣ ይችላል፤ በየዓመቱ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱን አስልታችሁ አወዳድሩ።

የጊዜ ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት ግራ ያጋባል፤ እንዴት እናንብበው?

የአገሩ ሰዓት እንደ አውሮፓውያን በእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቆጥር ነው። 07:00 የተባለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 14:00 የተባለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በአማርኛ ሰዓት የለመዱ አያትና የልጅ ልጅ የሚገናኙበት ጉዞ ከሆነ የመነሻውን ሰዓት በሁለቱም አጻጻፍ በወረቀት ጽፎ መስጠት ባቡር ከማምለጥ ያድናል። የአገሪቱ ባቡሮች በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ እንዲነሡና በመገናኛ ጣቢያዎች እንዲጠባበቁ ተደርገው የተቀናጁ ናቸው፤ ስለዚህ መለዋወጫው አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ብቻ ሲሆን አትደንግጡ፤ ሰሌዳው የወጣው ታስቦበት ነው። የሕፃን ጋሪና ሁለት ሻንጣ ካላችሁ ግን ያኛውን ትታችሁ የሚቀጥለውን መያዝ ምንም ጉዳት የለውም።

ኩር ላይ የምትለዋወጡበትም ምክንያት አለ። ከዙሪክ የመጣው ባቡር የሚሄደው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መደበኛ መሥመር ላይ ሲሆን የሬቲሼ ባን ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጠበብ ያለው ሐዲድ በተራራ ገጽ ላይ ጠባብ ኩርባ መሥራት ስለሚያስችል ነው የተመረጠው።

በየትኛው በኩል እንቀመጥ? ምን ምን እናያለን?

ከኩር ወደ ቲራኖ ስትሄዱ በስተቀኝ ተቀመጡ። በመልሱ ጉዞ በግራ ማለት ነው።

ከቲፈንካስተል በኋላ የላንድቫሰር ድልድይ ይመጣል፤ በ1902 የተጠናቀቀ፣ ስድስት ቅስት ያለው፣ 65 ሜትር ከፍታና 136 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው። ባቡሩ በድልድዩ ላይ እየታጠፈ ስለሚሄድ ከኋለኛው ፉርጎ ሆነው ሲያዩ የራሳችሁ ባቡር አፍንጫ ቀጥ ብሎ በቆመው ገደል ውስጥ ሲገባ ይታያል፤ ድልድዩ ያለቀበት ቦታ ዋሻው የሚጀምርበት ነውና። ነገሩ ከደቂቃ በታች ስለሚያልፍ ልጆቹን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከቤርግዩን መንደር እስከ ፕሬዳ ያለው ቀጣዩ ክፍል ከሁሉም የሚያስገርም ነው። በሁለቱ መካከል በአየር ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ፕሬዳ ከቤርግዩን ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ባቡር ያን ያህል አቀበት በቀጥታ ሊወጣው ስለማይችል መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በተራራው ሆድ ውስጥ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ አሽከርክረው ወደ 12 ኪሎ ሜትር አስረዝመውታል። ባቡሩ ዋሻ ገብቶ ሲወጣ መንደሩ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ በየጊዜው እያነሰ ይታያል። ልጆች አቅጣጫቸው ስለሚጠፋባቸው “ተመለስን እንዴ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ቁልቁል ተመልክተው አሁን ያለፉበትን ሐዲድ ከሥራቸው ሲያዩት ነው የሚገባቸው። ከፕሬዳ በኋላ ረጅሙ የአልቡላ ዋሻ አለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለውን አሮጌውን የተካው አዲሱ ዋሻ በ2024 ሥራ ጀምሯል።

ከፖንትሬዚና በኋላ የሞርቴራች የበረዶ ግግር በስተቀኝ ይከፈታል፤ ከዚያም ዛፍ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋና 2,253 ሜትር ላይ ያለው ኦስፒዚዮ በርኒና ጣቢያ ይመጣል። የመሥመሩ ከፍተኛ ቦታ ይህ ነው። አጠገቡ ላጎ ቢያንኮ፣ ማለትም ነጭ ሐይቅ አለ፤ በበረዶ ወራት ግን የሐይቁ ገጽ በብርድ ረግቶ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥርና በረዶ ስለሚለብስ፣ ሰፊ ነጭ ሜዳ ሆኖ ነው የሚታየው። ከዚህ ስፍራ በስተሰሜን የሚወርደው ውኃ በኢን ወንዝ በኩል ወደ ዳኑብ ገብቶ እስከ ጥቁር ባሕር ይሄዳል፤ በስተደቡብ ያለው ደግሞ በፖ ወንዝ በኩል ወደ አድርያቲክ ባሕር ይፈስሳል። ለትምህርት ቤት ልጅ የውኃ መከፋፈያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ወደ ቲራኖ ሲቃረብ የብሩሲዮ ክብ ድልድይ አለ፤ ባለ ዘጠኝ ቅስት ሲሆን ባቡሩ በላዩ አልፎ ሙሉ ክብ ከዞረ በኋላ በራሱ ድልድይ ቅስት ሥር ሾልኮ ይወጣል። በመጨረሻ ቲራኖ ውስጥ ባቡሩ ከቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ባለው አደባባይ በመኪናዎች መካከል ያልፋል።

ባቡሩ ይህን ሁሉ አቀበት እንዴት ይወጣል? ልጆቻችን ይጠይቁናል።

የበርኒና መሥመር በአንዳንድ ቦታ በየ1,000 ሜትሩ 70 ሜትር ይወጣል። ይህም በሐዲድ ላይ ለሚሽከረከር የብረት ጎማ እጅግ ብዙ ነው። ጎርነርግራትና ዩንግፍራውዮህ በሚወጡት ባቡሮች በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሦስተኛ ባለ ጥርስ ሐዲድ ተዘርግቶ ከባቡሩ ሥር ያለው ባለ ጥርስ ጎማ እየነከሰው ይወጣል። በርኒና ግን ጥርስ የለውም። በ1910 ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ ሞተሮቹ በብዙ ዘንጎች ላይ ስለተከፋፈሉ እያንዳንዱ ጎማ የድርሻውን ይገፋል፤ ሐዲዱ ሲያሟልጭ ደግሞ ከጎማው ፊት አሸዋ ይረጫል። በጠባቡ ኩርባ ላይ የምትሰሙት ስል ፉጨት ጎማው የሐዲዱን ጎን ሲፈገፍግ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ትናንሽ ልጆች ሊደነግጡ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው መልካም ነው።

የት የት ብንወርድ ይሻላል?

ሦስት ቦታ እመክራለሁ፤ በአንድ ቀን ግን ከሁለት አትበልጡ።

የመጀመሪያው አልፕ ግሩም ነው። ወደዚህ ጣቢያ የመኪና መንገድ የለም፤ በበረዶ ወራት የሚያደርሰው ባቡሩ ብቻ ነው። 2,091 ሜትር ላይ ካለው የድንጋይ ጣቢያ ፊት የፓሉ የበረዶ ግግር ከላይ ተንጠልጥሎ፣ የፖስኪያቮ ሸለቆ ከሐይቁ ጋር ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ባቡሩ ሲሄድ ድምፁ በመጀመሪያው ኩርባ ይጠፋና ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። ምግብ ቤት ስላለው ትኩስ ነገር እየጠጡ የሚቀጥለውን መጠበቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ሞርቴራች ነው። ከጣቢያው ተነሥቶ ወደ ግግሩ የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፤ በመንገዱ ዳር የቆሙት ምልክቶች ግግሩ በየትኛው ዓመት የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ያሳያሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ግግሩ ለጣቢያው ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ግን ከምልክት ወደ ምልክት ረጅም ተራምዳችሁም ገና አትደርሱበትም። አባት የተወለደበትን፣ ከዚያም ልጁ የተወለደበትን ዓመት እየፈለጉ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእግር መለካት ልጆች የማይረሱት ነገር ነው። ወደ ግግሩ አፍ መጠጋት ግን በረዶና ድንጋይ ስለሚናድ አደገኛ ነው፤ ከተፈቀደው መንገድ አትውጡ።

ሦስተኛው ቤርግዩን ነው፤ ልጆቻችሁ አምስትና ስድስት ዓመት ካለፉ ከሁሉም የሚያስደስታቸው ይህ ይሆናል። በበረዶ ወራት ከፕሬዳ እስከ ቤርግዩን ያለው የአልቡላ መኪና መንገድ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን የበረዶ መንሸራተቻ መንገድ ይሆናል። መንሸራተቻው ቤርግዩን ላይ ይከራያል፤ ባቡሩ ወደ ፕሬዳ ያወጣችኋል፤ ከዚያ በድልድዮቹ ሥር እየተንሸራተታችሁ ትወርዳላችሁ፣ ባቡሩም ከላያችሁ ያልፋል። ልጆች የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግ አለባቸው፤ ትናንሾቹ ከአዋቂ ጋር በአንድ መንሸራተቻ ይቀመጡ፤ የሚቆሙትም በመንገዱ ዳር እንጂ በመካከል መሆን የለበትም። መንደሩ ውስጥ የአልቡላን መሥመር ታሪክ የሚያሳይ የባቡር ሙዚየምም ስላለ በረዶው እንደ ዱቄት ሲዘንብ መጠለያ ይሆናል።

ግላሺየር ኤክስፕረስን ከልጆች ጋር መያዝ ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን ከዜርማት እስከ ሴንት ሞሪትዝ 8 ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው፤ የመቀመጫ ምዝገባም ግዴታ ነው። በ1930 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በ291 ድልድዮች ላይና በ91 ዋሻዎች ውስጥ ያልፋል። እስከ 1982 ድረስ በበረዶ ወራት አይሄድም ነበር፤ የፉርካ ተራራ መንገዱ በበረዶ ናዳ ስለሚጎዳ አንደኛው የብረት ድልድይ በየዓመቱ ተነቅሎና ተጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ዓመት 15.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የፉርካ ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ ነው ዓመቱን በአብዛኛው መሄድ የቻለው። አሁንም ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ይቆማል። እዚህም ላይ ተራ የክልል ባቡሮች በዚያው ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ጉዞውን አንደርማት ላይ አድሮ በሁለት ቀን መክፈል ለቤተሰብ ያማረ መፍትሔ ነው።

ከፍታው ሕፃናትን ይጎዳል?

በበርኒና መሥመር ላይ ያለው ከፍታ ጤነኛ ለሆነ ሰው ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መውረዱ ነው፦ ከኦስፒዚዮ በርኒና 2,253 ሜትር ተነሥቶ 429 ሜትር ላይ ወዳለችው ቲራኖ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ስለሚወረድ ጆሮ ይደፈናል። ሕፃኑን በቁልቁለቱ ወቅት ማጥባት ወይም ማጠጣት፣ ትልልቆቹን ደግሞ የሚመጠጥ ከረሜላ መስጠት ይረዳል። ጉንፋን የያዘው ልጅ የጆሮ ሕመም ሊበረታበት ስለሚችል እሱን ይዞ ከመውጣት ፖንትሬዚና ላይ መቅረት ይሻላል።

ዩንግፍራውዮህ ግን 3,454 ሜትር ነው፤ እዚያ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጂን መጠን በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ባቡሩም ከሸለቆው በአጭር ጊዜ ያወጣል። ጨቅላ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ሐኪም ሳታማክሩ አትውጡ። ወጥታችሁም ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በሚቀጥለው ባቡር ውረዱ።

ምን እንልበስ?

የብዙ ወላጆች ስሕተት ልጁን ለውጪው ብርድ አልብሶ ባቡር ውስጥ እንደዚያው ማስቀመጥ ነው። ባቡሮቹ በደንብ ይሞቃሉ፤ ልጁ ያልበውና ሲወርድ ያ ላብ ይቀዘቅዝበታል። ስስ ልብሶችን ደራርቡ፣ ባቡር ውስጥ ወዲያው አውልቁ፣ ከመውረዳችሁ አምስት ደቂቃ በፊት መልሳችሁ አልብሱ። ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ጓንት ባለ አምስት ጣቱን ያህል አይበርድም፤ ደግሞም ስለሚረጥብ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ ያዙ። ውኃ የማያስገባ ጫማ የግድ ነው።

የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ ቅባት አትርሱ። አዲስ የወረደ በረዶ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጨረሩ ከላይም ከታችም ይመጣል፤ አገጭና የአፍንጫ ሥር ሳይቀር ይቃጠላል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው አይቃጠልም የሚለው አባባል ለዓይን ፈጽሞ አይሠራም።

የሕፃን ጋሪ፣ ምግብና መጸዳጃስ?

መጸዳጃ በባቡሮቹ ውስጥ አለ። የራስን ምግብ ይዞ መብላት የተለመደ ነው፤ በተራዎቹ የክልል ባቡሮች የሚሸጥ ስለሌለ ይዛችሁ ግቡ። ጋሪ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ዝቅተኛ ወለል ያላቸው ፉርጎዎች በበሩ ላይ ምልክት አላቸው፤ በአሮጌዎቹ ፉርጎዎች ግን ደረጃ ስላለ የሚታጠፍ ጋሪ ወይም ማዘያ ይሻላል። በትልልቆቹ ባለ ሁለት ፎቅ የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ፣ በላይኛው ፎቅ፣ ሸርተቴ ያለው የልጆች መጫወቻ ፉርጎ አለ፤ ባቡሩ መድረክ ላይ ሲደርስ የት እንደሚቆም ሰሌዳው ስለሚያሳይ ቀድማችሁ ቁሙ።

በረዶ ሲበዛ ባቡሩ ይቋረጣል?

አንዳንድ ጊዜ፣ አዎን። በረዶውን በሚሽከረከር ምላጭ ቆርጠው ወደ ጎን የሚወረውሩ ልዩ መኪናዎች ሐዲዱን ይጠርጋሉ፤ በናዳ መንገዶች ላይም መከላከያ ጣሪያዎችና በተራራው ገጽ ላይ የተተከሉ አጥሮች አሉ፤ ስለዚህ የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ባቡሩ የሚሄድበት ቀን አለ። የበረዶ ናዳ ሥጋት ሲበረታ ግን መሥመሩ ለሰዓታት፣ አልፎ አልፎም ለቀን ሊዘጋ ይችላል። ከቲራኖ ተመልሳችሁ በዚያው ቀን አውሮፕላን ለመሳፈር አታቅዱ፤ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይኑር።

ፎቶ ሲነሣ መስታወቱ ያንጸባርቃል፤ ምን ይደረግ?

የስልኩን መነጽር መስታወቱ ላይ አስጠግታችሁ፣ በጥቁር ሻርፕ ወይም ኮት ዙሪያውን ጋርዱት። ከአንዳንዶቹ አሮጌ ፉርጎዎች መስኮት ይከፈታል፤ ሲከፈት ግን የልጅ እጅና ራስ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ የዋሻው ግድግዳ ለባቡሩ በጣም ቅርብ ነው።

ቲራኖ ጣሊያን ውስጥ ነው፤ ቪዛና ፓስፖርት ያስፈልጋል?

ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2008 ጀምሮ የሼንገንን ስምምነት ተግባራዊ አድርጋለች፤ ጣሊያንም የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ አንድ የሼንገን ቪዛ ለሁለቱም ይሠራል፤ ማመልከቻውም የሚቀርበው ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ቆንስላ ነው። ድንበሩ ላይ ቋሚ የፓስፖርት ፍተሻ ባይኖርም በባቡር ውስጥ መታወቂያ ሊጠየቅ ስለሚችል የልጆቹንም ጨምሮ ፓስፖርታችሁን ሆቴል ትታችሁ አትውጡ።

ከቲራኖ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን በረዶው በሚታይበት ብርሃን ተራራውን እንደገና ለመሻገር ከፈለጋችሁ ከ14:00 በፊት፣ ማለትም ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መነሣት አለባችሁ። የዚያን ቀን ቲራኖ አድራችሁ በማግሥቱ ወደ ሚላኖ የምትቀጥሉ ከሆነ የጣሊያኑ ባቡር ጣቢያ ከሬቲሼ ባን ጣቢያ ጋር ጎን ለጎን ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በሚሆነው በዚያ መንገድ ላይ ባቡሩ የኮሞን ሐይቅ ዳር ይዞ ለረጅም ጊዜ ስለሚሄድ በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ።